ጠባብ ጫማ ውስጥ የጣት መለያያ አታስገቢ

ልጄ፣ የቀኝ እግርሽ አውራ ጣት ወደ ሁለተኛው ጣት እያዘነበለ፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ወደ ውጭ እየወጣ እንደመጣ ነግረሽኛል። ሆቴል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ እንግዳ ማስተናገድ ለእግር ከባድ ነው። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት በታካሚዎችም በባልደረቦቼም እግር ላይ ይህንኑ ደጋግሜ አይቻለሁ። የሲሊኮን የጣት መለያያ ልትገዢ ማሰብሽ መልካም ነው። ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ግን የምልሽን ስሚኝ።

1. መጀመሪያ ሕመሙን እወቂው። ሐኪሞች ሃሉክስ ቫልገስ ይሉታል፣ ፋርማሲ ስትሄጂ ደግሞ በኒየን ሲሉት ትሰሚያለሽ። ትርፍ አጥንት በቅሎብሽ አይደለም። ከአውራ ጣት ጀርባ ያለው ረጅም አጥንት ወደ ሌላኛው እግር በኩል ይሸሻል፣ ጣቱ ራሱ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጣት ይጋደማል፣ በዚህ መሃል መጋጠሚያው ጎልቶ ይወጣል። የወጣውን ቦታ ጫማ ሲፈትገው ቆዳው ይቀላል፣ ከሥሩ ያለችው ፈሳሽ የያዘች ከረጢትም ታብጣለች። ማታ ማታ የሚያቃጥልሽ ይኸው ነው። በራጅ ሲለካ የጣቱ ማዘንበል ከ15 ዲግሪ ካለፈ ሐኪሙ ተጣሟል ይላል፤ ከ40 ካለፈ ከባድ ነው።

2. መለያያው አጥንት አያቀናም። ጣቶችሽ መካከል እስካለ ድረስ አውራ ጣትሽን ገፋ አድርጎ ይይዘዋል፣ ስታወልቂው ጣቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። «ያለ ቀዶ ሕክምና ጣትዎ ይስተካከላል» የሚል ማስታወቂያ ብታዪ አትመኚው። እንዲህ ስልሽ ግን ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ሁለቱ ጣቶች እርስ በርስ እንዳይፋተጉ ያደርጋል፣ በመካከላቸው የሚበቅለውን ጠንካራ ቆዳ ይከላከላል፣ ብዙ ሰውም ሲያደርገው ሕመሙ ይቀልለታል። ለማስታገሻነት ግዢው፤ ከዚያ በላይ አትጠብቂበት።

3. ዋናው ነገር ጫማው ነው። መለያያው ራሱ ቦታ ይይዛል። ጣቶችሽን አጣብቆ በያዘ ጫማ ውስጥ ስትጨምሪው፣ ያበጠውን መጋጠሚያ ከጫማው ግድግዳ ጋር ይበልጥ ያጋጨዋል፣ ትንሿን ጣትሽንም ይጨፈልቃታል። «ገዛሁት፣ አልሠራልኝም» የሚሉኝን ሰዎች ጫማቸውን አሳዩኝ እላቸዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያው ይገኛል።

ጫማ እግርን ምን ያህል እንደሚለውጥ ከጥንት ሙታን አፅም ሳይቀር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በዚያችው ከተማ የተቀበሩ የ177 ሰዎችን አፅም መርምሮ ነበር። ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ከኖሩት መካከል የጣት መጣመም የተገኘባቸው 6 በመቶው ናቸው። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከኖሩት ግን 27 በመቶው ነበረባቸው። በመሃል የተለወጠው ፋሽኑ ነው፦ ጫፉ የሾለ ጫማ መጥቶ ነበር። ችግሩ የነበረባቸው ሰዎች ወድቀው የተሰበሩበት ምልክትም በብዛት ተገኝቶባቸዋል። በሆንግ ኮንግ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመ ሌላ ጥናት ጫማ ከሚያደርጉት 33 በመቶው ይህ መጣመም ሲኖርባቸው፣ ጫማ ከማያደርጉት ግን 2 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበረባቸው አሳይቷል። ጫማ ብቻውን ጥፋተኛ ነው አልልሽም፤ የእግር ቅርጽ በዘር ይወረሳል፣ የእናትሽንም እግር አውቀዋለሁ። ዘርሽን መለወጥ አትችዪም፣ ጫማሽን ግን ትችያለሽ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፊ፣ በባዶ እግርሽ ቁሚበት፣ የእግርሽን ዙሪያ ሰው በእርሳስ ያስምርልሽ። ልትገዢው ያሰብሽውን ጫማ በሥዕሉ ላይ አስቀምጪው፤ መስመሩ ከጫማው ውጪ ከታየ ተዪው። የምትሄጂው ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ያኔ እግር አበጥ ይላል። መለያያሽንም ይዘሽ ሂጂና አድርገሽው ሞክሪ። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይቅር። ታኮው ከ4 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከፍ ባለ ቁጥር ክብደትሽ ሁሉ ወደ ጣቶችሽ ይንሸራተታል። የመሥሪያ ቤትሽ ደንብ ታኮ የሚያስገድድ ከሆነ ከሐኪም ደብዳቤ አጽፈሽ ጥቁር ጠፍጣፋ ጫማ እንዲፈቀድልሽ ጠይቂ፤ ይህን መጠየቅ አያሳፍርም። ያለሽ ጫማ የቆዳ ከሆነ ጫማ ሰፊ ዘንድ ውሰጂው፣ አጥንቱ የሚነካውን ቦታ ብቻ ለይቶ በፎርማ ያሰፋልሻል።

4. አደራረጉ ቀስ ይበል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃሽ፣ እግርሽ ሲለምደው ጨምሪ። በጣም ወፍራሙን አትምረጪ፤ ሁለተኛውን ጣት ገፍቶ ሌላ ችግር ያመጣል። ጣትሽ ከደነዘዘ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ሕመሙ ከባሰ ወዲያው አውልቂው። በየቀኑ በለስላሳ ሳሙና እጠቢው፣ ጣቶችሽንም መካከላቸውን አድርቂ፤ እርጥበት ካለ ፈንገስ ይይዝሻል።

5. ይህን ቁጥር ለእናትሽም አንብቢላት። ስኳር ያለበት ሰው፣ እግሩ የሚደነዝዝ ወይም የደም ዝውውሩ የደከመ ሰው ሐኪም ሳያየው መለያያ አያድርግ። ቆዳው ሲቆስል ሕመሙ አይሰማውም፣ ትንሿ ቁስል ሳትታወቅ እግር እስከማስቆረጥ ልትደርስ ትችላለች። አንድ ሌሊት በድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚያስጮህ አውራ ጣት ደግሞ ሪህ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ ሕክምና አለው። ትኩሳት ከጨመረበትማ አትዘግዪ፣ በዚያው ቀን ታከሚ።

6. ቤት ውስጥ ጫማሽን አውልቂ። ፎጣ መሬት ላይ ዘርግተሽ በጣቶችሽ ወደ ራስሽ ሰብስቢው፣ አውራ ጣትሽንም ከሌሎቹ ለይተሽ ለመዘርጋት ሞክሪ። እግርን ያጠነክራል። ካበጠብሽ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ለ10 ደቂቃ ያህል ያዢበት። ገጠር ስትሄጂ ግን በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግርሽ አትሂጂ። በደጋው አገራችን ብዙ ገበሬ የሚያሠቃየው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ የሚመጣው ከዚያ አፈር ጋር ለዓመታት በመነካካት ነው፣ መከላከያውም ጫማና እግርን መታጠብ ነው።

7. ቀዶ ሕክምና ለመልክ ብለሽ አትግቢ። አጥንት ተቆርጦ የሚቀና፣ ለስድስት ሳምንት ያህል ልዩ ጫማ የሚያስደርግ፣ እብጠቱም ለወራት የሚቆይ ነው። ጣቱ ተመልሶ የሚጣመምበትም ጊዜ አለ። ሰፊ ጫማ አድርገሽም፣ መለያያውን ተጠቅመሽም ሕመሙ መራመድና መሥራት ከከለከለሽ፣ ያኔ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ተማከሪ።

8. የልጅሽን እግር ዛሬውኑ እዪልኝ። ይህ የእግር ቅርጽ እሷም ጋ ደርሶ ይሆናል። የሕፃን እግር ቶሎ ያድጋል፣ አምና የሰፋት ጫማ ዘንድሮ ጣቶቿን አጣብቆ ይሆናል፣ እሷ ግን አመመኝ ላትልሽ ትችላለች። ለበዓል ብለሽ ጫፉ የሾለ ጫማ አትግዢላት። በየጥቂት ወሩ ወረቀት ላይ አቁመሽ ለኪያት።