የማለዳው ጫና፦ የተጠቃሚ ፕሮፋይል አያያዝ በክላውድ ቨርቹዋል ዴስክቶፕ

በቨርቹዋል ዴስክቶፕ አሠራር ሠራተኛው የሚጠቀምባቸው ፕሮግራሞች የሚሠሩት በፊቱ ባለው መሣሪያ ላይ ሳይሆን በሩቅ ዳታ ማዕከል በሚገኝ ሰርቨር ላይ ነው፤ ወደ እርሱ የሚመጣው በዋናነት የስክሪኑ ምስል ነው። ድርጅቶች ይህን አገልግሎት በክላውድ ለመዘርጋት ሲያቅዱ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ በፕሮሰሰርና በሜሞሪ መጠን ላይ ያተኩራል። ይህ ጽሑፍ ማይክሮሶፍት በ2019 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበውንና ዛሬ አዙር ቨርቹዋል ዴስክቶፕ የሚባለውን አገልግሎት በምሳሌነት ወስዶ፣ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው የተጠቃሚ ፕሮፋይል ማከማቻ መሆኑን ያሳያል።

በዚህ አገልግሎት አንድን ሰርቨር በርካታ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሊጋሩት ይችላሉ። ሠራተኛው ዛሬ የገባበት ሰርቨር ነገ ላይደርሰው ይችላል፤ ሰርቨሩ ራሱም በእድሳት ጊዜ ተሰርዞ እንደ አዲስ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ የግለሰቡ ቅንብሮችና ፋይሎች ከሰርቨሩ ተለይተው መቀመጥ አለባቸው። ኤፍኤስሎጂክስ የተባለው ሶፍትዌር ፕሮፋይሉን በአንድ የቨርቹዋል ዲስክ ፋይል ውስጥ አድርጎ በኔትወርክ ማከማቻ ያኖረዋል፤ ሠራተኛው ሲገባ ዲስኩ ከተመደበለት ሰርቨር ጋር ይያያዛል፣ ሲወጣም ይላቀቃል።

ችግሩ የሚጎላው ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲገቡ ነው። በማይክሮሶፍት መመሪያ መሠረት አንድ ተጠቃሚ በሥራ ላይ ሳለ በሰከንድ 10 ያህል የማንበብና የመጻፍ ክንውን ይበቃዋል፤ ሲገባና ሲወጣ ግን 50 ያህል ይፈልጋል። 200 ሠራተኞች ያሉት መሥሪያ ቤት ቀኑን በ2,000 ክንውን ቢያሳልፍም ማለዳ እስከ 10,000 ሊጠይቅ ይችላል። ማከማቻውን በቀኑ አማካይ የመጠነ ባለሙያ ፕሮሰሰሮቹ ሥራ ፈትተው ሳለ ሠራተኞቹ ስክሪኑ እስኪከፈት ሲጠብቁ ያገኛቸዋል፤ ሰርቨር መጨመርም አያድነውም። ሰርቨሮችን በጊዜ ሰሌዳ ማብራትና ማጥፋት ወጪ ይቀንሳል፤ ሆኖም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:30 የሚከፈት ቢሮ በሰሌዳው ላይ 8:30 ብሎ መጻፍ እንዳለበት መዘንጋት የለበትም።

ማከማቻው የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ለአገራችን ተቋማት ልዩ ክብደት አለው። ሰርቨሮቹን በጆሃንስበርግ አከራይቶ ፕሮፋይሎቹን አዲስ አበባ ማስቀረት መረጃን በቅርብ ለመያዝ ለሚፈልግ ኃላፊ ማራኪ ሐሳብ ነው። ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ መስመር 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 40 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። የስክሪን ምስል ይህን መዘግየት ይሸከማል፤ በአንድ መግቢያ ብቻ እጅግ ብዙ ጊዜ የሚነበብ ዲስክ ግን አይችለውም። ፕሮፋይሉ ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ቀጣና መሆን አለበት፤ መረጃው ከአገር መውጣት የለበትም ከተባለም ሰርቨሮቹ አብረው ይቅሩ።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ዲስኩ ሳይያያዝ ሲቀር ነው። በሌላ ሰርቨር ላይ በአግባቡ ያልተዘጋ ክፍለ ጊዜ ዲስኩን ይዞት ከሆነ ሠራተኛው በጊዜያዊ ፕሮፋይል ሊገባ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ዴስክቶፑ ላይ ያስቀመጠው ሰነድ ሲወጣ ከጊዜያዊው ፕሮፋይል ጋር ይጠፋል። ኤፍኤስሎጂክስ እንዲህ ያለውን መግቢያ የሚከለክሉ ቅንብሮች አሉት። መከልከሉ ወደ ቴክኒክ ድጋፍ ክፍል የሚመጣውን ጥሪ ማብዛቱ አይቀርም፤ ያም ሆኖ በእኔ እይታ ከሚጠፋ ሰነድ ለአሥር ደቂቃ የሚዘጋ በር ይሻላል። አሥር ደቂቃው ወደ ግማሽ ቀን እንዳይረዝም የድጋፍ ሠራተኞቹ በማከማቻው ላይ የተከፈቱ ፋይሎችን የማየትና የተያዘውን ዲስክ የማስለቀቅ ፈቃድ አስቀድሞ ሊሰጣቸው ይገባል።