ውድ ብስክሌት ለመዝናኛ ብስክሌተኛ ያዋጣልን? ከአሶሳ አንጻር የቀረበ አጭር ስሌት

በአሶሳ ለመዝናናትና ለጤንነት ብስክሌት መጋለብ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ የዋጋ ነው። ለውድ ብስክሌት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መከራከሪያ ቀላል ክብደቱ ነው። ይህ ጽሑፍ መከራከሪያውን በስሌት ይፈትናል።

የብስክሌተኛው ክብደት 65 ኪሎ ግራም፣ የርካሹ ብስክሌት 15፣ የውዱ ደግሞ 8 ኪሎ ግራም ነው እንበል። 100 ሜትር ከፍታ ያለውን ዳገት ለመውጣት ስበትን ለማሸነፍ የሚጠፋው ጉልበት በርካሹ 78.5፣ በውዱ 71.6 ኪሎ ጁል ይሆናል። ለዚሁ 100 ዋት ብቻ ቢመደብ፣ በርካሹ ብስክሌት 13 ደቂቃ ያህል የሚፈጀው ዳገት በውዱ 1 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ ያህል ይቀንሳል።

በሜዳ ላይ ግን ልዩነቱ እጅግ ይጠባል። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ እፍጋት በሜትር ኩብ 1 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ቀና ብሎ የተቀመጠ ሰው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ አየሩን ለመግፋት 43 ዋት፣ የጎማውን የመንከባለል ሰበቃ ለማሸነፍ 26 ዋት ገደማ ያስፈልገዋል። የ7 ኪሎ ግራም ቅናሽ ከዚህ የሚያተርፈው 2 ዋት ያህል ብቻ ነው። በአንጻሩ የተሻለ ጎማና ተገቢ ነፋስ የመንከባለል ሰበቃውን መጠን ከ0.008 ወደ 0.005 ቢያወርዱ በርካሹ ብስክሌት ላይ እንኳ 13 ዋት ይተርፋል።

ለተወዳዳሪ ግን አንዲት ደቂቃ ዋጋ አላት። በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈው ጽጋቡ ግርማይ በተሰለፈበት የውድድር ዓይነት ደቂቃ ደረጃን ትለውጣለች። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳያንስ መደንገጉም የክብደትን ፋይዳ ያመለክታል። የመዝናኛ ብስክሌተኛ ግን ማንንም የመቅደም ግዴታ የለበትም።

ሌላው ጉዳይ ጥገና ነው። የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ የውዱንም የርካሹንም ሰንሰለትና ኩሽኔታ እኩል ይበላሉ። በሽቦ የሚሠራ ፍሬን በቀላል መፍቻ ይስተካከላል፤ በዘይት ግፊት የሚሠራው ግን ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል። መለዋወጫው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከምትርቀው አዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ የቆመ ብስክሌት፣ ክብደቱ ምንም ያህል ቢቀልል፣ ባለቤቱን አያገለግልም።

ይህ ማለት ግን እጅግ ርካሹ ይመረጥ ማለት አይደለም። ፍሬኑ የማይታመን፣ ቸርኬው የሚጣመም ወይም ቁመቱ ለጋላቢው የማይስማማ ብስክሌት ለአደጋና ለጉልበት ሕመም ይዳርጋል። ስሌቱም ምቾትንና ደስታን አልለካም። ሆኖም ገንዘብ ሲመደብ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያ ተስማሚ ቁመትና አስተማማኝ ፍሬን፣ ቀጥሎ ጥሩ ጎማና ለዳገት የሚበቃ ማርሽ፣ ከዚያም የጥገና ወጪ። ቀላል ክብደት የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።