አርጅቶ ከሥራ ባረፈ ፈረስ ቆዳ ላይ ስለሚወጣ ዕጢና በበጋ ወራት ስለሚደረግለት ጥበቃ

ለወረዳና ለቀበሌ ሹማምንት፣ ለባለይዞታዎችና ለፈረስ ባለቤቶች የቀረበ ትምህርት

ፈረስ በአገራችን እንደ ተራ ከብት ተቆጥሮ አያውቅም። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬ በፈረስ መዋጋት ቢቀርም፣ በጉና ተራራ ሥር ባሉት ደጋዎች ለኮርቻና ለጭነት፣ በወረታና በአካባቢዋ ደግሞ ለጋሪ ያገለግላል። ነገር ግን ጉልበቱ የደከመ ጊዜ ብዙውን ወደ ሜዳ ይለቁታል። በቆዳው ላይ ዕብጠት የታየበት እንደ ሆነ ደግሞ ባለቤቱ ወይ በጋለ ብረት ይተኩሰዋል፣ ወይ በምላጭ ይቆርጠዋል፣ ወይ ከደጁ ያባርረዋል።

ይህ ትምህርት የሚያስረዳው፣ ከነዚህ ከሦስቱ ሁሉ አስቀድሞ ዕብጠቱ ምን እንደ ሆነ መለየት የሚገባ መሆኑን ነው። ሳይለዩ መፍረድ ሁለት ጉዳት ያመጣል። በጥቂት ጥበቃ ብዙ ዓመት ሊኖር የሚችለው ፈረስ በከንቱ ይሠቃያል፤ ተላላፊ በሽታ የያዘው ደግሞ ወደ ወል ግጦሽ ሲለቀቅ የጎረቤቱን ፈረስ ያስይዛል።

1ኛ፤ ስለ አገሩ ጠባይ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ሰፊ ሜዳ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ በበጋ ግን ውሃው ስለሚያንስ ከብቱ ሁሉ ውሃና ሣር ወደ ቀረበት ስፍራ ይሰበሰባል። ከአንበሳሜ ወገንም ሆነ ከወረታ ወገን የተሰማራ ፈረስ ከላሞች ጋር ተቀላቅሎ ይግጣል። ከብት በተሰበሰበበትም ዝንብ ይበዛል። በቆዳው ላይ ቁስል ያለበትን ፈረስ በበጋ የሚጎዱት እንግዲህ ዝንብና የፀሐይ ትኩሳት፣ የውሃና የመኖ ማነስም ናቸው።

2ኛ፤ ዕብጠቶቹን ስለ መለየት

በዓለም ሁሉ በፈረስ ቆዳ ላይ ከሚወጡት ዕጢዎች ይልቅ የሚበዛው ሳርኮይድ የተባለው ነው። አንዳንዱ ጠጕር የሌለው ሻካራ ቆዳ፣ አንዳንዱ ኪንታሮት፣ አንዳንዱም ቀይ ሥጋ መስሎ ይታያል። ከምክንያቶቹ አንዱ በላሞች ላይ ኪንታሮት የሚያወጣው ቫይረስ ነው፤ ዝንብም ሳያስተላልፈው አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ይህ ዕጢ ወደ ውስጥ አካል ባይሠራጭም በቦታው ሥር እየሰደደ ይሰፋል። በምላጭ ተነክቶ ሥሩ የቀረ እንደ ሆነ ግን ከቀድሞው ይልቅ በርትቶ ይመለሳል። በጋለ ብረት መተኮስና በሚያቃጥል መድኃኒት መቀባት ክፉ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሜላኖማ ይባላል። የሚበዛው ጠቍሮ ተወልዶ ኋላ በሚነጣው በአምባላይ ፈረስ ላይ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ካለፈ አምባላዮች አብዛኞቹ ላይ ይገኛል። ከጅራት ሥርና ከፊንጢጣ ዙሪያ እንደ ጥቁር ጠጠር ሆኖ ይወጣል። ብዙ ጊዜ በዝግታ ስለሚያድግ፣ ካልቈሰለና ፋንድያ መጣልን ካልከለከለ ሳይነኩት መጠበቅ ይቻላል።

ሦስተኛው ነጭ ወይም ቀይ ቆዳ ባለበት በዐይን ቆብና በብልት ላይ የሚወጣው ነቀርሳ ነው። የዐይኑን የፀሐይ ብርሃን ያባብሰዋል። ይህ ወደ ሌላ አካል ሊዛመት ስለሚችል ገና ትንሽ ሳለ ለሐኪም ማሳየት ግድ ነው።

ዕጢ ሳይሆን ዕጢ የሚመስልም አለ። ዝንብ በቁስል ላይ የሚጥለው ጥቃቅን ትል በሙቀት ወራት የሚያሳክክና የማይድን ቁስል ያወጣል፤ በውስጡም እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ ጠጣር ነገር ይገኛል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይሽራል። ለዚህ ሐኪሙ አይቨርሜክቲን ይሰጣል።

ከሁሉ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ግን ንድፍት ነው። ይህ በሽታ ከሻጋታ ወገን በሆነ ተሐዋሲ የሚመጣና በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ የሚያጠቃ ነው። እባጮቹ በእግር፣ በደረት ወይም በአንገት ላይ እንደ መቍጠሪያ ተከታትለው ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ሥርም እንደ ገመድ ይወፍራል፤ ኋላ ፈንድተው ወፍራም መግል ያፈስሳሉ። በቁስል፣ በዝንብ፣ በጋራ ጠፍርና በጋራ ግላስ ይተላለፋል። እንዲህ ያለውን ፈረስ ወዲያው ለብቻው ማሰር ይገባል፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ጊዜ ነውና።

ምሳሌ እናድርግ። ሁለት አሮጌ ፈረሶች በአንድ ደጅ ቢኖሩ፣ አንዱ አምባላይ ከጅራቱ ሥር ሦስት ጥቁር ጠጠር ቢያወጣ፣ ሁለተኛው ዳማ ጠፍር በላጠው ደረቱ ላይ አምስት እባጮች በተርታ ቢያወጣ፣ ጌታቸው አምባላዩን አባርሮ ዳማውን በጋሪ ቢያስር ፍርዱን ገለበጠው። አምባላዩ ለማንም የማያሠጋ ሲሆን፣ ዳማው የከተማውን ፈረስ ሁሉ ሊያስይዝ ይችላል።

3ኛ፤ በበጋ ወራት ስለሚደረገው ጥበቃ

ሀ) ዕጢውን በየ15 ቀኑ በክር ለክቶ ቀኑንና መጠኑን በደብተር መጻፍ። የሚያድገውና የማያድገው የሚታወቀው በዚህ ነው።

ለ) ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በጥላ ማሰር፣ በማለዳና በማታ ማሰማራት። ፋንድያውንም ዕለት ዕለት ከማደሪያው አርቆ መጣል፤ ዝንብ የሚፈላው በዚያ ነውና።

ሐ) ዕጢው የቈሰለ እንደ ሆነ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው፣ ይኸውም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በጥብጦ በንጹሕ ጨርቅ ማጠብ። መግሉ ቆዳውን እንዳይልጠው በቁስሉ ዙሪያ ቫዝሊን መቀባት። ያጠበውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጨርቁም ይቃጠል።

መ) የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣ፣ የባትሪ አሲድና የሰብል ተባይ መድኃኒት ከቶ አለመቀባት። እነዚህ ደኅናውን ቆዳ ያቃጥላሉ እንጂ ዕጢውን አያድኑም።

ሠ) ገመድ፣ ልጓም ወይም የእግር ማሰሪያ በዕጢው ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ።

ረ) ውሃ ሳይወሰንበት ማጠጣት፤ በሙቀት ጊዜ ከ20 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላልና። ጥርሱ ያለቀ ፈረስ የሩዝ ገለባ ብቻ ቢሰጡት ይከሳል፤ ስለዚህ ፉርሽካ ወይም የተከካ ገብስ በውሃ አርሶ፣ ጥቂት ጨው ጨምሮ ማብላት ይገባል።

4ኛ፤ ሐኪም የሚጠራበት ጊዜ

ዕጢው በአንድ ወር ውስጥ በግልጽ ያደገ፣ የሚደማ ወይም የሚሸት፣ በዐይን ወይም በብልት ላይ የሆነ፣ ወይም እባጮቹ በተርታ የወጡ እንደ ሆነ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። ሐኪሙ ከሥሩ አስፍቶ ይቆርጣል፤ አንገት ያለውን በጎማ ቀለበት ያንቃል፤ በውጭ አገር ደግሞ በብርድ ማቃጠልና ለነቀርሳ የሚሆን መርፌ ይሰጣል፤ ይህ ግን በየወረዳው ክሊኒክ የሚገኝ አይደለም። ምርመራ ያስፈለገ እንደ ሆነ ናሙናውን ወደ ባሕር ዳር የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት መላክ ይቻላል።

ፈረሱ መብላት ያቃተው፣ መነሣት የተሳነው፣ ቁስሉም የማይድን እንደ ሆነ ለጅብ መተው ምሕረት አይደለም። በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ ማሳረፍና ከውሃ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ይሻላል።

5ኛ፤ ከሹማምንት ስለሚጠበቀው

ይህ ሁሉ ለአንድ ባለቤት ብቻ የሚተው አይደለም። በየቀበሌው ከሥራ ያረፉትን ፈረሶች መቍጠርና ባለቤታቸውን መጻፍ፤ የጋሪ ባለቤቶችን ሰብስቦ ንድፍትን ከዕጢ እንዲለዩ ማስተማር፤ ንድፍት የያዘው ፈረስ ወደ ገበያና ወደ ወል ግጦሽ እንዳይገባ መከልከል፤ ፈረሱን በመንገድ የጣለውንም ጠርቶ መገሠጽ የሹም ሥራ ነው። መቍጠሩን ከጥር በፊት መፈጸም ይገባል፤ ሙቀቱና ዝንቡ ከበረቱ በኋላ የሚደረግ ቍጥር የጥፋትን ልክ ይነግራል እንጂ ጥፋትን አያስቀርምና።

ዐሥር ዓመት ጋሪ የጎተተ ፈረስ የባለቤቱን ልጆች አብልቷል፤ በእርጅናው የሚፈልገው ጥላ፣ ውሃ፣ ጨውና ሳይቸኵል የሚመለከተው ዐይን ነው። ይህን መስጠት ከማንም አቅም በላይ አይደለም።