ያረጀ የሞተር ብስክሌት ካምቢዮ በቤት ስለ ማደስ

ንግድ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ብቻ አይፈጸምም፤ ዕቃው ከመጋዘን ወደ ሱቅ፤ ከሱቅም ወደ ደንበኛው ቤት መድረስ አለበት። ለዚህም ተግባር የጭነት መኪና ለመግዛት ዐቅሙ ያልደረሰ ነጋዴ በሞተር ብስክሌት ሲገለገል ይታያል። ሞተር ብስክሌት ሲያረጅ ከሚደርሱበት ጉዳቶች መካከል ባለቤቱን ይልቁን የሚያስጨንቀው የካምቢዮ መበላት ነው፤ ካምቢዮ በሞተሩ ሆድ ውስጥ የተሸሸገ ስለ ሆነ ጉዳቱ ከውጭ አይታይምና። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፤ ባለ ሞተሩ ጉዳቱን ለይቶ በቤቱ የሚጠግንበትን መንገድ ለማስረዳት፤ ሁለተኛውም፤ መለዋወጫ የሚያስመጣና የሚሸጥ ነጋዴ ለደንበኛው ትክክለኛውን ዕቃ እንዲያቀርብ ለመርዳት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚያውቀው አንድ ባለ ሱቅ ነበረ። ሞተሩን በሁለተኛ ማርሽ ሲነዳ ማርሹ በድንገት እየዘለለ ይወጣበት ጀመር። ወደ አንድ የመለዋወጫ መደብር ሄዶ «ሁለተኛ ማርሽ ስጡኝ» ቢል ሻጩ ምንም ሳይጠይቅ አንዲት ማርሽ ሸጠለት። ማርሿ ተገጠመች፤ ጥቂት ሳምንታትም ደኅና ሠራች። ከዚያ በኋላ ግን ስኳር ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ማርሹ እንደ ገና ወጣ፤ ሞተሩ ፍጥነቱን መግታት ስላልቻለ ሰውየው በፍሬኑ ብቻ ተርፎ ከቦይ ዳር ቆመ። ካምቢዮው በሚገባ በተመረመረ ጊዜ ዋናው ጥፋት የሹካው መጣመም ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ባለ ሱቁ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ ሻጩም አንዲት ማርሽ ሸጦ አንድ ደንበኛ አጣ።

የካምቢዮ አሠራር

ለምሳሌ እንዲሆነን ሆንዳ ሲ ጂ 125 የተባለውን ሞተር እንውሰድ። ይህ ሞተር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ዓ. ም. ለገበያ የቀረበ ሲሆን፤ ጥገና በማይዘወተርባቸው አገሮች እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። በኋላም በቻይና አያሌ ፋብሪካዎች አምሳያውን እየሠሩ ስላወጡ ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

በእንዲህ ያለው ሞተር ውስጥ ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ኀይልን ከፍሪሲዮን ይቀበላል፤ ሁለተኛው ለካቴናው ያስተላልፋል። በዘንጎቹ ላይ ያሉት ማርሾች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሁልጊዜ እንደ ተናከሱ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ከየጥንዱ አንዱ በዘንጉ ላይ በነጻ ይሽከረከራል። ነጂው የማርሽ ፔዳሉን ሲረግጥ አንድ ከበሮ ይዞራል፤ በከበሮው ላይ በተቈረጡት ቦዮች የሚመሩት ሹካዎች አንዱን ማርሽ ወደ ጎን ይገፉታል፤ በማርሹም ጎን ያሉት ጒጦች ነጻውን ማርሽ ይዘው ከዘንጉ ጋር ያቆራኙታል። የጒጦቹ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሸርተት ተደርጎ የተሞረደ ስለ ሆነ ጭነት በበዛ ቍጥር እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ። ጠርዙ ሲዶለዱም ግን ጭነቱ በተቃራኒው ያለያያቸዋል፤ ማርሽ ዘለለ የሚባለውም ይህ ነው።

ከመፍታት በፊት ስለሚደረግ ምርመራ

ሞተርን ከፍቶ የሚቈጭ ብዙ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚከተለውን መመርመር ይገባል።

አንደኛ፤ ማርሽ አልገባ የሚል ከሆነ ወይም ሲገባ የሚያንኳኳ ከሆነ፤ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ካቦ መላላት ሊሆን ይችላል። በፍሪሲዮን ማንሻው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን ነጻ እንቅስቃሴ ቢኖር መልካም ነው፤ ከዚህ የበለጠ ከሆነ ካቦውን ማጥበቅ ይበቃል።

ሁለተኛ፤ የማርሽ ፔዳሉ በዘንጉ ላይ የሚይዝበት ጥርስ ተበልቶ እንደ ሆነ፤ ፔዳሉ ቢረገጥም ከበሮው አይዞርም። ይህ ሞተሩን ሳይከፍቱ የሚለወጥ ነገር ነው።

ሦስተኛ፤ ጩኸቱን በማስተዋል ማዳመጥ ነው። ጩኸቱ በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ ከተሰማ የዚያው ጥንድ ጥርስ ተጐድቷል። ማርሹ ባዶ ሆኖ ሞተሩ ሲሠራ ከተሰማና ፍሪሲዮኑ ሲያዝ ከጠፋ፤ የፍሪሲዮኑ ዘንግ ኩሽኔታ ሳይሆን አይቀርም።

አራተኛ፤ ዘይቱን ማፍሰስና ማየት ነው። በማግኔት ላይ የሚለጠፍ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብናኝ የተለመደ ነው፤ ጠርዝ ያለው የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ሞተሩን መክፈት ግድ ነው።

ስለ መፍታት

በመጀመሪያ ንጹሕ ጠረጴዛ፤ ትንንሽ ሣጥኖች፤ እርሳስና ወረቀት ይዘጋጁ። የሚፈታው ሁሉ በተፈታበት ተራ ይቀመጥ፤ ሥዕሉም በወረቀት ይነሣ። ባትሪው ይላቀቅ፤ ዘይቱ ይፍሰስ፤ ሞተሩም ከሻንሲው ይውረድ። ማጠቢያ የሚሆነው ነጭ ጋዝ ነው፤ ቤንዚን በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ በቤት ውስጥ አይታጠብበትም።

የሞተሩ ቤት በመካከሉ ቁመቱን ተከትሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚከፈል ስለ ሆነ፤ ወደ ካምቢዮው ለመድረስ ራሱ፤ ሲሊንደሩና ፒስተኑ ቀድመው መውጣት አለባቸው። ከዚያ በአንድ ጎን ፍሪሲዮኑ፤ በሌላው ጎን ቮላኖው ይወጣል። ቮላኖ ለዚሁ በተሠራ መንቀያ እንጂ በመዶሻ አይወጣም፤ በመዶሻ የተመታ ቮላኖ የክራንኩን ዘንግ ያጣምማል። ሁለቱ ግማሾችም ብሎኖቹ ሁሉ መውጣታቸው ከተረጋገጠ በኋላ በጎማ መዶሻ በዝግታ እየተመቱ ይለያዩ፤ በመካከላቸው ካቻቪቴ ማስገባት የሚገጣጠሙበትን ፊት ይቧጭራል፤ ዘይትም ያስፈስሳል።

ምን እንደሚታይ

የጒጦቹ ማዕዘን ስል መሆን አለበት፤ ከተዶለዶመ ማርሹ ይለወጣል። የሹካዎቹ ጫፎች በካሊበር ይለኩና ከፋብሪካው መመሪያ ጋር ይነጻጸሩ፤ በሙቀት የሰማየው ጫፍ ሹካው መጣመሙን ወይም ዘይት ማጣቱን ያመለክታል። የተጣመመ ሹካ በመዶሻ አይቀናም፤ ይለወጣል። ኩሽኔታው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በጣት ሲዞር ከሻከረ ወይም ከተንቀጠቀጠ አይመለስም። ከበሮውን በየማርሹ ቦታ የሚይዘው ሞላም ይታይ፤ ይህች ትንሽ ሞላ ስትደክም ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ማርሽ ሊዘል ይችላል።

ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ

በዚህ ስፍራ ነጋዴው በተለይ ልብ እንዲለን እንለምናለን። ማርሽ የሚሸጠው በስም ሳይሆን በጥርሱ ቍጥር ነው፤ አሮጌው ይቈጠር፤ ከአዲሱም ጋር ይነጻጸር። ጒጥ የተበላበት ማርሽ ሲለወጥ ጒጡን የሚይዘው አጋሩም አብሮ ይለወጥ፤ አዲስ ጒጥ ከዶለዶመ ጋር ሲገጥም ቶሎ ይበላልና።

ኩሽኔታ በሞተሩ ስም ብቻ መፈለግ የለበትም፤ ቍጥሩ በቀለበቱ ላይ ተጽፏል። 6203 የሚል ቢሆን የውስጡ ስፋት 17፤ የውጩ 40፤ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 6204 ቢሆን 20፤ 47ና 14 ሚሊ ሜትር ነው። ከ04 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጡን ስፋት ይሰጣሉ። ይህ ልክ በዓለም ሁሉ አንድ ስለ ሆነ፤ ይህን ያወቀ ባለ ሱቅ ከማናቸውም ታማኝ ፋብሪካ የወጣውን ኩሽኔታ ማቅረብ ይችላል። ከቍጥሩ በኋላ ሲ 3 የሚል ምልክት ካለ የውስጥ ክፍተቱ ሰፋ ያለ ማለት ነውና አዲሱም እንደዚያው ይሁን። ዘይት የሚከለክሉ ጎሚኒዎችም የውስጥ፤ የውጭና የውፍረት ልካቸው በላያቸው ተጽፎ ይገኛል።

ስለ ዘይትም እንዲሁ ነው። በእንዲህ ያለው ሞተር ውስጥ አንዱ ዘይት ሞተሩን፤ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን በአንድነት ያገለግላል። ጃሶ ኤም ኤ የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ለእንዲህ ያለው ፍሪሲዮን የተመደበ ነው፤ ጃሶ ኤም ቢ የሚለው ግን ፍሪሲዮናቸው በዘይት ውስጥ ለማይሠራ ስኩተሮች ነው። ነዳጅ ለመቈጠብ ተብሎ የተዘጋጀ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትት ይችላል።

ስለ መግጠም

አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ኩሽኔታን በመዶሻ ከማስገባት ይልቅ የሞተሩን ቤት ማሞቅ ይሻላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ቢሆንም፤ የፈላ ውሃ ኩሽኔታው በሚገባበት ስፍራ ላይ ደጋግሞ ቢፈስስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያም ሳይቀዘቅዝ በፍጥነት ማድረቅ ያስፈልጋል። መግፋት ግድ ቢሆን የሚገፋው የውጭው ቀለበት ብቻ ነው።

ማርሾችን በዘንግ ላይ የሚይዙት መቈለፊያ ቀለበቶች ሁልጊዜ በአዲስ ይለወጡ፤ ስል ጠርዛቸውም ከሚገፋቸው ማርሽ በተቃራኒው ጎን ይሁን። በሁለቱ ግማሾች መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ውፍረቱ እንደ ቀድሞው መሆን አለበት፤ የዘንጎቹን የጎን ክፍተት የሚወስነው እርሱ ነውና። ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሌላው ሳይገጠም ዘንጉ በእጅ እየተሽከረከረ ማርሾቹ ሁሉ በየተራ ይሞከሩ። አንዱ እንኳ እምቢ ቢል እንደ ገና መክፈት ይገባል፤ በዚያ ሰዓት መክፈት የሚያስከፍለው ጊዜ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ በቤት የማይሠራ ሥራም አለ። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቀዳዳ ከሰፋ ወይም ቤቱ ከተሰነጠቀ ወደ ቶርኖ ቤት ይሂድ። የተበላ ጒጥን በብየዳ መሙላት ግን በማናቸውም ስፍራ አይመከርም፤ በእሳት የለሰለሰ ብረት ቁልቁለት ላይ ያከስራል።

ከላይ የተነገረው ባለ ሱቅ በመጨረሻ ሹካውን፤ ጥንዱን ማርሽና የከበሮውን ሞላ በአንድነት ገዝቶ ሞተሩን አሳደሰ። የገዛው ግን ከመጀመሪያው መደብር አይደለም፤ አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይዞ «ለምን ተበላ?» ብሎ ከጠየቀው ሌላ ነጋዴ ነው። ደንበኛ የሚጸናው ዕቃው በርካሽ ስለ ተሸጠለት ብቻ ሳይሆን፤ የሚያስፈልገው ተጠይቆ ስለ ተሰጠውም ጭምር ነው።