ቀስ ብሎ መሄድን ስለ መማር፤ የሞተር ብስክሌት አያያዝና አነዳድ በስምጥ ሸለቆ

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሞተር ብስክሌት ምን አገባቸው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ቅኔና ታሪክ ከማጥናት ወጥተን እጃችንን በዘይት ማጨማለቃችን ለአንዳንድ ጓደኞቻችን መሳቂያ ሆኗል። ዳሩ ግን ባለፈው የዕረፍት ወራት በራሳችን አላዋቂነት የአንድን ሰው ሥራ ለአምስት ሳምንት ስላሰናከልን፣ ከዚያ የተማርነውን ጽፈን ለአንባብያን ማቅረቡን እንደ ዕዳ ቈጠርነው።

ትሪያል የሚባለው የሞተር ብስክሌት ውድድር በአገራችን ስሙ እምብዛም የታወቀ አይደለም። ሞተር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታወሰን ጩኸትና ፍጥነት ነው፤ በትሪያል ግን የሚፈረደው በፍጥነት አይደለም። በድንጋይ፣ በጭቃ፣ በዳገትና በጅረት መካከል አጫጭር መተላለፊያዎች ይከለላሉ። ነጂው እግሩን መሬት ሳያስነካ ካለፈ ምንም አይጻፍበትም፤ አንድ ጊዜ ካስነካ 1፣ ሁለት ጊዜ ካስነካ 2፣ ከዚያ በላይ ካስነካ 3 ነጥብ ይጻፍበታል፤ ከወደቀ ወይም ከክልሉ ከወጣ 5 ይሆንበታል። በመጨረሻ ጥቂት ነጥብ የተጻፈበት ያሸንፋል። (ከፈተና ውጤታችን ተቃራኒ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም ስፖርቱን ያስወደደን።)

በስኮትላንድ የሚደረገው የስድስት ቀን ትሪያል መነሻው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1909 ነው። በዚህ ስፖርት ስሙ የገነነው የቤልፋስት ተወላጅ ሳሚ ሚለር በመጀመሪያ አሪየል በሚባል 500 ሲሲ የእንግሊዝ ሞተር ይወዳደር ነበር፤ ከዓመት ዓመትም ከባዱን ብረት በቀላል እየለወጠ ክብደቱን ሲቀንስለት ኖረ። ኋላም ወደ እስፓኙ ቡልታኮ ፋብሪካ ዞሮ 244 ሲሲ ብቻ የሆነ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሲሠራ ረዳ፤ በ1965ም በዚያው ሞተር የስኮትላንዱን ውድድር አሸነፈ። ሰውዬው ሞተር ለማሻሻል ሲነሣ ያሰበው ስለ ጩኸትና ስለ ፍጥነት አልነበረም። እኛ ይህን ያነበብነው ጥፋቱን ከሠራን በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም በአርሲ ገጠር የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነው። ክትባቱን በማቀዝቀዣ ሣጥን ይዞ ከአሰላ ወደየቀበሌው የሚወጣው በገዛ ገንዘቡ በገዛው ባለ ሁለት ምት 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ነው። ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ አዳማ (አሁንም ናዝሬት የሚላት ብዙ ነው) ሲወርድ በኢተያና በዴራ አድርጎ በሞተሩ መጣ፤ ማታ ማታም ቁልፉን ለእኛ ይተውልን ጀመር። እኛም በስልክ ላይ ያየነውን የትሪያል ጥበብ ሁሉ በአንድ ደረቅ ፈፋ ውስጥ ልንሞክር ተነሣን። ሞተሩ አልታዘዝ ሲለን ጥፋቱን በራሳችን ላይ ሳይሆን በብረቱ ላይ አገኘነው። ቤንዚን የሚቃጠለው በአየር ነው፤ ስለዚህ አየር ቢጨመር ኀይል ይጨምራል ብለን ተፈላሰፍን። ፊልትሮውን አውልቀን ጣልን፤ የማርሚታውንም ጫፍ በመጋዝ ቈረጥን። ጩኸቱ አማረ። በሦስተኛው ቀን በወንጂ በኩል ነፋስ አቧራውን እያነሣ ሳለ ሞተሩ የሲቃ ድምፅ አሰማና ቀጥ አለ፤ የኋላው ጎማም ተቈልፎ ጥቂት ተንሸራተትን። ሰው አልተጎዳም።

ሲሊንደሩን የከፈቱልን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ጣታቸውን በካርቡራቶሩ አፍ አስገብተው ሲያወጡት ዱቄት የነካ ይመስል ነበር። «ልጆቼ፣ ይህ ሞተር አፈር በልቶ ነው የሞተው» አሉን። ፒስተኑ ተላልጧል፤ ቀለበቶቹ ከቦታቸው ተጣብቀዋል። ሲሊንደሩ በቶርኖ ቤት መስፋት፣ ለሰፋውም ልክ የሚሆን ፒስተን ከአዲስ አበባ መፈለግ ነበረበት። ይህ ሁሉ አምስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሳምንታት ወንድማችን የክትባቱን ሣጥን በትከሻው ተሸክሞ በእግሩ ሲሄድ ሰነበተ፤ አንዳንዱን ቀበሌም ጭራሽ ሳይደርስበት ቀረ። እኛን ግን አንድም የቁጣ ቃል አልተናገረንም። ቢሰድበን ይቀለን ነበር።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። መካኒኩ እንዳስረዱን ጥፋቱ ሁለት ነበር፤ ሁለቱም የአየር ነገር ነው።

አየር ከፍ ባለ አገር ይሳሳል፤ ዝቅ ባለ አገር ይወፍራል። በባሕር ጠረፍ ያለውን የአየር መጠን 100 ብንለው፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአሰላ 79፣ ከ1,600 ሜትር በላይ በሆነችው በአዳማ 85፣ 950 ሜትር ገደማ በሆነችው በመተሐራ ደግሞ 91 ያህል ይሆናል፤ የቆላው ሙቀት ከዚህ ላይ ጥቂት ይቀንሳል። ካርቡራቶር ግን አገር መለወጡን አያውቅም። ቀዳዳው ያው ነው፤ የሚያወጣውም ቤንዚን ከአየሩ እኩል አይቀንስም፣ እኩልም አይጨምርም። ስለዚህ በቆላ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ያጨሳል፣ ይንተፋተፋል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። በደጋ የተስተካከለው ቆላ ሲወርድ ደግሞ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ካንዴላው ይነጣል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል።

የወንድማችን ሞተር ለአሰላ አየር የተስተካከለ ነበር። በካርቡራቶሩ ውስጥ አንዲት መርፌ አለች፤ በራሷ በኩል አራት ወይም አምስት ጭረቶች አሏት፤ በአንደኛው ጭረት ላይ መያዣ ሽቦ ይገባል። ሽቦው ወደ ላይኛው ጭረት ሲወጣ መርፌዋ ዝቅ ትልና ቤንዚን ይቀንሳል፤ ሽቦው ወደ ታችኛው ሲወርድ መርፌዋ ከፍ ትልና ቤንዚን ይጨምራል። (የተገላቢጦሽ ስለሚመስል እኛ ሁለት ጊዜ ተሳስተናል።) ወንድማችን ለደጋው ብሎ መርፌዋን ዝቅ አድርጓት ነበር፤ አዳማ ሲወርድ ከፍ ሊያደርጋት ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ሞተሩን ሳያስጨንቅ ስለሚነዳ ጉዳት አላገኘውም። እኛ በላዩ ላይ ፊልትሮውንና የማርሚታውን ጫፍ ስናስወግድ አየሩ የባሰ በዛ፤ ቤንዚኑም የባሰ አነሰ። የዚህ ሞተር ፒስተን ደግሞ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ በሚገባው ዘይት ነው፤ ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም አነሰው። በደጋና በቆላ መካከል የሚመላለስ ሰው እንግዲህ ካንዴላውን እየፈታ ማየት ይልመድ። የቡና ቀለም ከያዘ ደኅና ነው።

ሁለተኛው አቧራው ነው። በስምጥ ሸለቆ የሚነሣው አቧራ ብዙው ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ፑሚስ ያለበት ነው፤ ፑሚስ ማለትም በአረፋ የተነፋ መስተዋት ማለት ነው። ለብሎኬት መሥሪያ የሚቈፈረው ያ ቀላል ድንጋይ ደቆ ወደ ሲሊንደር ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ነፋሱም አያርፍም፤ በአዳማ አጠገብ ባሉት ኮረብቶች ላይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 መጀመሪያ 34፣ በ2015 ደግሞ ሌሎች 102 የነፋስ ኤሌክትሪክ ማማዎች ሥራ የጀመሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ፊልትሮ ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ወይም በሳሙና ውኃ ይታጠባል። እንደ ልብስ አይጠመዘዝም፤ ይቀደዳል፤ በመዳፍ መካከል ይጨመቃል እንጂ። በጥላ ከደረቀ በኋላ ንጹሕ ዘይት ያጠጡታል፤ ትርፉንም ጨምቀው ያወጡታል። ደቃቁን አቧራ የሚይዘው ዘይቱ ነው፤ ደረቅ ስፖንጅ እንደ ወንፊት ያሳልፋል። የወረቀት ፊልትሮ ግን አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በነፋስ ይነፋል፤ ሲያረጅም ይለወጣል። በወንጂ የሸንኮራ አገዳ መንገዶች ወይም በመቂና በዝዋይ ገጠር ለሚነዳ ሰው ይህ የየሳምንቱ ሥራ ነው። ካቴናንም ዘይት በዘይት ማድረግ እንደ ደግነት ይታያል፤ ነገር ግን ዘይትና የፑሚስ አቧራ ሲገናኙ ብረት የሚበላ ሊጥ ይሆናሉ። በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ ስስ ዘይት ቀብቶ፣ ውጭውን በጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ታዲያ ምንም ማሻሻል አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ማሻሻሉ ግን ለዝግታ መሆን አለበት። ርካሹና ጠቃሚው የጥርስ ለውጥ ነው። ከሞተሩ በኩል ካቴናውን የሚጐትተው ትንሹ ጥርሳም ብረት 14፣ በኋላ ጎማ ላይ ያለው ትልቁ 42 ጥርስ ቢኖረው፣ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሹ 3 ጊዜ ይዞራል። ትንሹን በ13 ብንለውጠው 3.23፣ በ12 ብንለውጠው 3.5 ይሆናል። ሞተሩ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ሳይያዝ በሰው እርምጃ ልክ ዳገት ይወጣል ማለት ነው፤ በአስፋልት ላይ የነበረው ከፍተኛ ፍጥነት ግን ይቀንሳል። ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት ጥርስ ከመጨመር ጋር ይተካከላል፤ የፊቱ ደግሞ በዋጋ ይቀላል። ከመጠን በላይ ካነሰ ግን ካቴናው በጠባብ ክብ ላይ ስለሚታጠፍ ቶሎ ያልቃል።

ስለ ጎማ ሁለት ቃል። በእውነተኛ የትሪያል ሞተር የኋላው ጎማ የሚነፋው ከ4 እስከ 5 ፒ.ኤስ.አይ. ብቻ ሲሆን ድንጋዩን እንደ መዳፍ ይይዛል። ዕቃ የሚጫንበትን የገጠር ሞተር እንዲህ ማድረግ አይገባም፤ ጎማው በቸርኬው ላይ ይሽከረከርና የውስጡን ጎማ ከመንፊያው ሥር ይበጥሰዋል። ይህንን ከጎሚስታ ዘንድ ተቀምጠን በገንዘባችን ተምረናል።

ለአነዳዱ ስድስት ሆነን አንዲት ክበብ (ክበብ ማለት ከተፈቀደልን) መሥርተን ነበር። ከአንድ ጎረቤት የተዋስናት ባለ አራት ምት 100 ሲሲ ሞተር ለስድስታችን በቃች፤ ተራውን የሚጠብቀው ዳኛ ይሆናልና። በፈፋው ውስጥ ሲባጎ ወጥረን አምስት መተላለፊያ ከለልን። ነጂው በመርገጫው ላይ ይቆማል፤ ጕልበቱን ጥቂት ያጥፋል፤ ዐይኑን ከፊት ጎማው አንሥቶ ሊደርስበት ወዳለው ድንጋይ ይጥላል። የሚያዩትን ድንጋይ መምታት የማይቀር ስለሆነ ሊርቁት የሚፈልጉትን ትኵር ብሎ ማየት አይገባም። በዝግታ ሲታጠፉ ሞተሩ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ነጂው ግን ክብደቱን በውጭው መርገጫ ላይ ያደርጋል። ቁልቁለት ሲወርዱ በአንደኛ ማርሽ ሆኖ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ መተው፣ ፍሬኑንም በስሱ መንካት ነው፤ በፍርሃት ፍሪሲዮን የያዘ ሰው ተንከባልሎ ከሥር ይገኛል። ባለ ሁለት ምት የሚነዳ ሰው በረጅም ቁልቁለት ነዳጁን ጭራሽ ዘግቶ አይውረድ፤ ዘይቱም አብሮ ይቀንሳልና በየጊዜው ጥቂት ነዳጅ ይስጠው። ለሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ በዚህ ሁኔታ ስንወድቅና ስንነሣ ከረምን።

ሞተሩ በተጠገነ ጊዜ ወንድማችን ሊወስደው ከአሰላ መጣ። ከኪሳችን አዋጥተን የፊቱን ጥርስ በ13 ለውጠንለት፣ ፊልትሮውን አዲስ፣ ማርሚታውንም ሙሉ አድርገን ነበር የጠበቅነው። ፈፋውን ሲያይ ሳቀ። ሞክረው ብለን ለመንነው። የክትባቱን ሣጥን ከኋላ እንደ ታሰረ ተነሥቶ፣ አምስቱንም መተላለፊያ በመርገጫው ላይ ቆሞ እግሩን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስነካ ወጣ። በዚያ ዕለት ከእኛ ከሁሉ የተሻለው 11 ነጥብ ተጽፎበት ነበር። የት ተማርከው ብንለው «የት እማራለሁ፤ ሥራ የምሄድበት መንገድ እኮ እንዲህ ነው» አለና፣ ወርዶ ቁልፉን ከሞተሩ ነቅሎ በኪሱ ከተተው።