ነባሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አዲሱን በማሳ ላይ ስለ ማሠልጠኑ

በ2002/03 ዓ.ም. የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ስንዴን ካጠቃ በኋላ፣ በሽታውን የተቋቋመው ዲገሉ የተባለ ዝርያ በሰፊው ተዘራ። በ2005/06 ዓ.ም. ግን ዲገሉ በባሌና በአርሲ በአዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ ተመታ። ስለዚህ ማንኛውም ሠራተኛ «ይህን ዝርያ ዋግ አይነካውም» ብሎ ቀድሞ የተማረውን ብቻ ይዞ መቀመጥ አይገባውም፤ የሚጎዳው ገበሬው ነው።

አዲስ ሠራተኛ ሲመደብ የሚከተለው ይፈጸም፦

1. ነባሩና አዲሱ ሠራተኛ በየሳምንቱ አብረው ማሳ ይዙሩ።

2. አዲሱ በሽታውን በዓይኑ አይቶ መለየትን ይልመድ። ቢጫ ዋግ በቅጠል ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት ነው። የግንድ ዋግ በተለይ የአገዳውን ልጣጭ ቀዶ የሚወጣ፣ የሸክላ መልክ ያለው ዱቄት ነው።

3. ነባሩ መልሱን አስቀድሞ አይናገር። መጀመሪያ ይጠይቅ፤ ከዚያ ያርም።

4. ዋግን ይቋቋማል በተባለ ዝርያ ላይ ምልክቱ ከታየ፣ ሳይውል ሳያድር ለምርምር ማዕከል ያስታውቁ።

አዲሱ ከኮሌጅ ያመጣው ዕውቀት ቢኖር ነባሩ ጠይቆ ለመማር ማፈር የለበትም። ዋጉ ዓይነቱን ስለሚለዋውጥ ትምህርቱም በየመኸሩ ይደገም።