የሰማይ ልኬትና ስታቲስቲክስ፤ ስሕተት ይደበቃል ወይስ ይቆጠራል?



ባለፈው ሰሞን ለማስተማር ልምምድ ስንዘጋጅ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሣ። ተማሪ የሙከራውን ውጤት መጽሐፉ ከሚለው ለየት አድርጎ ቢያመጣ ማርክ ይቀነስበታል ወይስ አይቀነስበትም? ግማሾቹ «መጽሐፉን ካልመሰለ ተሳስቷል፤ ይቀነስበት» አሉ። ግማሾቹ ደግሞ «የለካውን ስለ ጻፈ አይቀነስበትም» አሉ። መብራት እስኪጠፋ ተከራክረን ሳንስማማ ተኛን።

እኔ ዝም ብዬ ነበር የማዳምጠው። ዝም ያልኩበትም ምክንያት ነበረኝ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ በፊዚክስ ሙከራ ሰዓት ድንጋይ በክር አንጠልጥለን እያወዛወዝን የመሬትን ስበት እንድንለካ ታዘዝን። መጽሐፉ የሚለው 9.8 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ነው። የኛ ቡድን ያገኘው ግን 9.3 ነበር። ጸሐፊው እኔ ስለ ነበርኩ ከመልሱ ተነሥቼ ወደ ኋላ አሰላሁና ቁጥሮቹን «አስተካክዬ» 9.8 ጻፍኩ። ከጎናችን የነበረው ቡድንም 9.3 አግኝቶ ነበር፤ እነሱ እንደ ወረደ ጻፉት። ለኛ ሙሉ ማርክ ተሰጠን፤ ለነሱ ግማሽ። እነሱ አዘኑ፤ እኛ ሳቅን። አሁን እኔ ራሴ መምህር ልሆን ነውና ያ ሳቅ ይቆረቁረኛል።

ለክርክሩ የሚሆን መልስ ያገኘሁት ከማስተማር ዘዴ መጽሐፍ ሳይሆን ከሥነ ፈለክ ታሪክ ነው። የተለያዩ ቁጥሮችን ይዞ «እውነቱ የቱ ጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሰማይን ለሚመረምሩ ሰዎች የዘወትር ሥራቸው ነው። ስታቲስቲክስ የሚባለው ትምህርትም ከዋና ዋና መሣሪያዎቹ አንዳንዶቹን ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ሁለት ዓይነት ስሕተት

ኬሚስት ዕቃውን ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ ይመረምራል። ገበሬ አፈሩን በእጁ ዘግኖ ያየዋል። ኮከብን ግን ማንም አይዘግነውም። ከኮከብ ወደኛ የሚመጣው በአብዛኛው ብርሃን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በሚንቀጠቀጥ አየር ውስጥ አልፎ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ አንድ ሰው ያንኑ ኮከብ አሥር ጊዜ ቢለካ አሥር ጊዜ ጥቂት በጥቂት የሚለያይ ቁጥር ያገኛል። ሰውዬው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የልኬት ጠባይ ነው።

ስሕተት በሁለት ይከፈላል። አንደኛውን «ዋዣቂ ስሕተት» እንበለው። አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች የሚል ነው። ሁለተኛውን «ያዘመመ ስሕተት» እንበለው። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ነው። ገበያ ላይ የሚዛን ምሰሶ ሲወዛወዝ ዋዣቂ ነው፤ ኪሎው ራሱ ተሸርፎ ከሆነ ግን ያዘመመ ነው። የተሸረፈ ኪሎ መቶ ጊዜ ቢመዘንበትም መቶ ጊዜ ያው ሸራፋ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ የጽሑፉ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ለ. አማካይ ለምን ይታመናል?

አምስት ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ለኩ እንበል። ያገኙት በሴንቲ ሜትር 119፣ 121፣ 120፣ 122 እና 118 ነው። ደምረን ለአምስት ብናካፍል አማካዩ 120 ይሆናል። ይህን አራተኛ ክፍልም ያውቀዋል። ግን ለምን አማካዩን እንመርጣለን? ለምን 121ን አንመርጥም?

እያንዳንዱ ልኬት ከመረጥነው ቁጥር የራቀበትን እንጻፍ። 120ን ብንመርጥ ርቀቶቹ −1፣ +1፣ 0፣ +2፣ −2 ናቸው። እንዲሁ ቢደመሩ እርስ በርሳቸው ተጣፍተው ዜሮ ይሆናሉ። እንዳይጣፉ እያንዳንዱን በራሱ እናባዛ፤ ይኸውም ካሬ ማድረግ ነው። 1 + 1 + 0 + 4 + 4 = 10 ይመጣል። አሁን 121ን እንሞክር። ርቀቶቹ −2፣ 0፣ −1፣ +1፣ −3 ይሆናሉ፤ የካሬዎቹ ድምር 15 ነው። 119ን ብንሞክርም ያው 15 ነው። ሌላ ማንኛውንም ቁጥር ብትሞክሩ ከ10 ያነሰ አታገኙም። እንግዲህ አማካይ ማለት የስሕተቶችን የካሬ ድምር ከሁሉ የሚያሳንሰው ቁጥር ነው። ይህ አሳብ «የአነስተኛ ካሬዎች ዘዴ» ይባላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ልኬቱ በበዛ ቁጥር የአማካዩ ዋዣቂ ስሕተት ይቀንሳል፤ አቀናነሱ ግን በብዛቱ ልክ አይደለም፤ በብዛቱ ስኩዌር ሩት ነው። አራት ጊዜ የለካ ስሕተቱን በግማሽ ያወርዳል። ወደ አንድ አሥረኛ ለማውረድ ግን መቶ ጊዜ መልካት አለበት። ትዕግሥት የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ሐ. ስምንት ደቂቃ

የዴንማርኩ ቲኮ ብራሄ ቴሌስኮፕ ሳይሠራ በፊት በትልልቅ የማዕዘን መለኪያዎች ብቻ የፕላኔቶችን ቦታ ለብዙ ዓመታት ሲመዘግብ ኖረ። በ1601 ሲሞት መዝገቡ በረዳቱ በዮሐንስ ኬፕለር እጅ ገባ። ኬፕለር የማርስን መንገድ በክብ ላይ ተመሥርቶ አሰላና ከመዝገቡ ጋር አስተያየው። በብዙ ቦታ ገጠመለት፤ በአንዳንድ ቦታ ግን እስከ 8 ደቂቃ ያህል ልዩነት አገኘ።

እዚህ ላይ ደቂቃ ማለት የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ አለው። ሙሉ ጨረቃ ከዳር እስከ ዳር 30 ደቂቃ ያህል ናት። ስለዚህ ልዩነቱ የጨረቃ ስፋት ሩብ ያህል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ቲኮ ተሳስቶ ይሆናል» ብሎ ያልፈው ነበር፤ እኔም 9.3ን ያለፍኩት እንዲሁ ነው። ኬፕለር ግን የቲኮ ልኬት በአብዛኛው ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ እንደማይሳሳት ያውቅ ነበር። ስምንት ደቂቃ ከዚህ ይበልጣል። እንግዲያው ጥፋቱ ከቁጥሩ ሳይሆን ከክቡ ነው ማለት ነው። ክቡን ጥሎ ብዙ ከደከመ በኋላ ማርስ የምትዞረው በሞላላ መንገድ (በኢሊፕስ) መሆኑን አገኘ። መጽሐፉንም በ1609 አሳተመ።

ከዚህ የምንማረው፣ የስሕተታችንን መጠን ማወቅ ራሱ ዕውቀት መሆኑን ነው። መሣሪያው ስንት ሊስት እንደሚችል የማያውቅ ሰው ልዩነት ሲያገኝ መሣሪያውን ይውቀስ ወይስ መጽሐፉን፣ ሊለይ አይችልም።

መ. የጠፋችው ሴሬስ

ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 በሲሲሊ ደሴት፣ በፓሌርሞ ከተማ፣ ጁዜፔ ፒያዚ የተባለ ቄስና የሰማይ ተመራማሪ ከቦታዋ የምትንቀሳቀስ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አየ። ሴሬስ ተባለች። እስከ ፌብሩዋሪ 11 ድረስ 24 ጊዜ ቦታዋን መዘገበ። በመካከሉ ታመመ። ከዚያ ሴሬስ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ተጠግታ በብርሃኗ ተሸፈነች። ከወራት በኋላ ከፀሐይ ስትላቀቅ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ወዴት ተብሎ ትፈለግ?

ሴሬስ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 4.6 ዓመት ያህል ይፈጅባታል። ፒያዚ ያየው 41 ቀን ብቻ፣ ማለትም ከጉዞዋ አርባ አንደኛውን ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ያየ ሰው ማታ የት እንደሚያድር ቢጠየቅ ማለት ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ዋዣቂ ስሕተት አለበት።

ሥራውን የያዘው የ24 ዓመቱ ጀርመናዊ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ነበር። መጀመሪያ ሦስት ልኬቶችን መርጦ መንገዷን አሰላ፤ ከዚያም ያን መንገድ ከሌሎቹ ልኬቶች ጋር እያስተያየ አረመው። በ1801 የመጨረሻ ቀን ፎን ዛክ የተባለ ተመራማሪ ጋውስ ባመለከተው ቦታ አጠገብ ሴሬስን መልሶ አገኛት፤ ኦልበርስ የተባለ ሌላ ተመራማሪም ወዲያው ደገመው። ሴሬስ ዛሬ ከ2006 ጀምሮ «ድንክ ፕላኔት» ተብላ ትቆጠራለች።

የአነስተኛ ካሬዎችን ዘዴ በመጀመሪያ በጽሑፍ ያወጣው በ1805 ፈረንሳዊው ለዣንድር ነው፤ እሱም ያወጣው የኮሜቶችን መንገድ ስለ ማስላት በጻፈው መጽሐፍ ነበር። ጋውስ በ1809 ባሳተመው መጽሐፍ «እኔ ከ1795 ጀምሮ ስጠቀምበት ነበር» ስላለ በሁለቱ መካከል ቅሬታ ተፈጠረ። ለኛ የሚጠቅመን ግን ዘዴው ነው። በጠረጴዛው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የምንፈልገው። ለአንድ ፕላኔት መንገድ የሚፈለጉት ስድስት ቁጥሮች ናቸው። አሠራሩ ግን ያው ነው፤ ከልኬቶቹ ሁሉ ጋር ያለውን የስሕተት የካሬ ድምር የሚያሳንሱትን ስድስቱን መፈለግ ነው። ልኬት ሁሉ ድምፅ ይሰጣል፤ አንዱም ብቻውን አይፈርድም።

ሠ. ልጅ እናቱን በዕድሜ በለጠ

እስካሁን ያየነው የዋዣቂውን ስሕተት መድኃኒት ነው። ያዘመመውስ?

በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ሀብል የ24 ጋላክሲዎችን ርቀትና ከኛ የሚሸሹበትን ፍጥነት በአንድ ግራፍ ላይ አስቀመጠ። ፍጥነቶቹን በአብዛኛው የለካው ቬስቶ ስላይፈር ነበር። ነጥቦቹ ቢበታተኑም የራቀው ጋላክሲ ፈጥኖ እንደሚሸሽ ታየ። በመካከላቸው መስመር ተሰመረ። የመስመሩ ዘንበላ 500 ያህል ሆነ፤ ይኸውም ርቀቱ በአንድ ሜጋፓርሴክ (3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል) በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በሴኮንድ በ500 ኪሎ ሜትር ይጨምራል ማለት ነው።

መስመሩ እውነት ነበር፤ ቁጥሩ ግን ችግር አመጣ። በ500 ብናሰላ የዓለማችን ጠፈር መስፋፋት ከጀመረ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው የሚሆነው። የምድር ድንጋዮች ደግሞ በራዲዮአክቲቭ ዘዴ ሲለኩ ከዚያ ያረጁ ሆነው ተገኙ። እንዴት ልጅ እናቱን በዕድሜ ይበልጣል?

ጥፋቱ በርቀት መለኪያው ላይ ነበር። ለርቀት መለኪያነት ከሚያገለግሉት ዋነኞቹ ሴፊድ የሚባሉት ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ኮከቦች ናቸው። በ1952 ቫልተር ባደ እነዚህ ኮከቦች ሁለት ዓይነት ሆነው ሳለ እንደ አንድ ዓይነት መቆጠራቸውን ገለጸ፤ የጋላክሲዎቹም ርቀት እጥፍ ያህል ሆነ። በ1958 ደግሞ አለን ሳንዴጅ ሀብል ከደማቅ ኮከቦች የቆጠራቸው አንዳንዶቹ የሚያበሩ የጋዝ ደመናዎች መሆናቸውን አሳየ፤ ቁጥሩንም ወደ 75 አወረደው። ዛሬ በአንዱ መንገድ ሲለካ 67፣ በሌላው ሲለካ 73 ያህል እየመጣ ተመራማሪዎቹ ገና ይከራከራሉ። ልዩነቱ ከዋዣቂው ስሕተት ስለሚበልጥ «ወይ ያዘመመ ነገር አለ፣ ወይ የማናውቀው ነገር አለ» እያሉ ነው።

ልብ በሉ፤ ሀብል በ24 ፈንታ አንድ ሺህ ጋላክሲ ቢለካም በተሸረፈው ኪሎ እስከ ለካ ድረስ ያንኑ 500 ያገኝ ነበር። የልኬት ብዛት ያዘመመ ስሕተትን አያድንም። የሚያድነው በሌላ መንገድ መለካትና መሣሪያውን ራሱን መመርመር ነው።

ረ. ወደ ክፍላችን ስንመለስ

ወደ ድንጋዩና ወደ ክሩ ልመለስ። ሁለት ቡድኖች ሳይነጋገሩ ለምን 9.3 አገኙ? ይህን ሳጠና ነው የገባኝ። ዋዣቂ ስሕተት ቢሆን አንዱ ከ9.8 በላይ፣ አንዱ በታች ሊሆን ይችል ነበር። ሁለታችንም ወደ ታች ካዘነበልን ያዘመመ ነገር አለ። የክሩን ርዝመት ስንለካ ክሩ ከድንጋዩ እስከሚገናኝበት ድረስ ብቻ ነበር የለካነው፤ መለካት የነበረብን ግን እስከ ድንጋዩ መካከል ነው። ከርዝመቱ ጎደለ፤ ከውጤቱም ጎደለ። መምህራችን «9.3 ለምን መጣ?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ በዚያች ሰዓት ስለ ልኬት ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት እንማር ነበር። እኔ ደግሞ ቁጥሩን በማስተካከሌ ምልክቱን አጠፋሁ። የስምንቱን ደቂቃ ፍቆ 9.8 የሚጽፍ ኬፕለር ሞላላውን መንገድ አያገኝም።

ስለዚህ ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጁ የለካውን ከጻፈ ማርኩ አይነካበት። ደግሞም «ስንት ጊዜ ለካህ? ስንት ልትስት ትችላለህ? የጓደኞችህ ቁጥር ግራና ቀኝ ነው ወይስ ሁሉም ወደ አንድ ወገን?» ተብሎ ይጠየቅ። ለነዚህ መልስ ያለው ልጅ ከመጽሐፉ ላይ 9.8ን ከገለበጠው ይበልጣል። ያኔ ግማሽ ማርክ ያገኙት ልጆች ትክክል ነበሩ፤ ሙሉ ያገኘሁት እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት።

መልመጃ፦ አንድ ፔንዱለም አሥር ጊዜ ደርሶ መልስ ሲወዛወዝ የፈጀው ጊዜ አምስት ጊዜ ተለክቶ በሴኮንድ 14.1፣ 14.3፣ 14.2፣ 14.4 እና 14.0 ሆነ። (1) አማካዩን አግኝታችሁ የአንዱን ውዝወዛ ጊዜ አውጡ። (2) ርዝመቱ 47.5 ሴንቲ ሜትር ነው ብላችሁ የመሬትን ስበት አስሉ። (3) ከክሩ ጫፍ እስከ ድንጋዩ መካከል ያለው 2.5 ሴንቲ ሜትር ተረስቶ ከሆነ እሱን ጨምራችሁ እንደገና አስሉ። ሁለቱን መልሶች አስተያዩና የቱ ስሕተት ዋዣቂ፣ የቱ ያዘመመ እንደሆነ ተወያዩበት።